ያለ እህል ዱቄት የሚጋገር የቡላና የካካዎ ኬክ

ለገበሬ ቤተሰቦችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ የባልትና ትምህርት

በበዓል ቀን ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ለሁሉም ሲታደል፤ አንድ ሕፃን ብቻ «ለአንተ አይሆንም» ተብሎ እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ ማየት ያሳዝናል። ስንዴና ገብስ የማይስማማው ልጅ ያለበት ቤት ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። እናቱ አዝና አንዲት ቁራሽ ብትሰጠው ልጁ ይታመማል፤ ብትከለክለው ደግሞ ያለቅሳል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ከዚህ ጭንቀት የሚያወጣ አንድ መንገድ ማሳየት ነው። ይኸውም ከጓሮ እንሰት ከሚገኝ ቡላ፤ ከስኳር ድንች፤ ከእንቁላልና ከጥቂት ካካዎ፤ ምንም የእህል ዱቄት ሳይገባበት በቤት ውስጥ የሚጋገር ጣፋጭ ኬክ ነው።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የዚህ ኬክ ጥቅም ስንዴ ያልገባበት መሆኑ ብቻ አይደለም። ከበቆሎም፤ ከማሽላም፤ ከጤፍም ስንዴ የሌለበት ኬክ መጋገር ይቻላል። ነገር ግን በገጠር እህል ሁሉ የሚፈጨው በአንድ ወፍጮ ስለ ሆነ የስንዴው ዱቄት ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ቡላ ግን ወፍጮ ቤት ሳይረግጥ ከጓሮ ወደ ጓዳ የሚገባ ምግብ ነው። ይህን ጥቅሙን ብንጠብቅለት ልጁ ይጠበቃል፤ ካበላሸንበት ግን ድካማችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

1ኛ/ ስንዴ የማይስማማው ሰው ምን ይሆናል?

ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች ሕመም አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የስንዴ አለርጂ ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ስንዴ በበላ በጥቂት ደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሰውነቱ ሽፍ ይልበታል፤ ከንፈሩ ያብጣል፤ ያስመልሰዋል። ትንፋሽ ካጠረው ለሕይወቱ ያሰጋል፤ ስለዚህ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሊጡ ሲታሽ እንደ ላስቲክ እንዲሳብ የሚያደርገው ይኸው ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን በበላ ቁጥር የገዛ ሰውነቱ የራሱን ትንሹን አንጀት ይጎዳል፤ አንጀቱም የበላውን ምግብ ወደ ሰውነቱ ማስገባት ይሳነዋል። ልጁ እየበላ ይከሳል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ያስቀምጠዋል፤ ደሙ ያንሳል፤ ቁመቱም ከእኩዮቹ ያንሳል። ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ ከመተው በቀር ሌላ መድኃኒት አልተገኘለትም።

ይህ የታወቀው በመከራ ጊዜ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፤ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት፤ በሆላንድ አገር ታላቅ ረኀብ ሆኖ ዳቦ ጠፋ። በዚያ ጊዜ ሌላው ሕዝብ ሲጎዳ፤ ይህ ሕመም የነበረባቸው ሕፃናት ግን እየተሻላቸው ሄደ። ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዊለም ካሬል ዲክ የተባለው የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም አስቀድሞም በስንዴ ላይ ጥርጣሬ ነበረው፤ ነገሩን መርምሮ በ1950 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ የሕመሙ መነሻ ስንዴ መሆኑን አስረዳ።

ማሳሰቢያ፤ ያስቀመጠው ልጅ ሁሉ ሴሊያክ አለበት ማለት አይደለም። ያልተጣራ ውሃና የአንጀት ትሎችም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ስለዚህ በግምት ተነሥቶ ልጅን ከዳቦ መከልከል አይገባም። ከሁሉ በፊት ወደ ሐኪም ይቅረብ። የሴሊያክ የደም ምርመራ ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ልጁ ገና ስንዴ ወይም ገብስ እየበላ ሳለ ሲመረመር ነው፤ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ራሳችሁ ምግቡን አታቋርጡበት። የስንዴ አለርጂ ምልክት የታየበት ልጅ ግን ለምርመራ ተብሎ ስንዴ እንዲበላ መደረግ የለበትም።

2ኛ/ የሚከለከሉና የሚፈቀዱ ምግቦች

ሴሊያክ ላለበት ሰው የሚከለከሉት፤ የስንዴና የገብስ ምግብ ሁሉ ናቸው። እነዚህም ድፎ ዳቦ፤ አምባሻ፤ የስንዴና የገብስ ቂጣ፤ በሶ፤ የገብስ ቆሎ፤ ቅንጬ፤ መኮረኒ፤ ብስኩት እንዲሁም ገብስና ብቅል የገባበት ጠላ ናቸው። አጃ በማሳም ሆነ በአውድማ ከገብስና ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል ቢቀር ይሻላል።

የሚፈቀዱት፤ ቆጮና ቡላ፤ ድንችና ስኳር ድንች፤ አተር፤ ባቄላ፤ ምስር፤ እንቁላል፤ ሥጋ፤ ወተት፤ አትክልትና ፍራፍሬ ናቸው። ጤፍ፤ በቆሎና ማሽላም በተፈጥሯቸው የሴሊያክ ሕመምተኛን የሚጎዳው ግሉተን የለባቸውም፤ ጉዳታቸው የሚመጣው ከወፍጮና ከድብልቅ ነው። ሽሮም ቢሆን የሚፈጨው በዚያው ወፍጮ ስለ ሆነ ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

3ኛ/ ጥቂት የስንዴ ዱቄት ምን ያህል ይጎዳል?

ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ «ግሉተን የሌለበት» ተብሎ በሚሸጥ ምግብ ውስጥ፤ በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን እንዳይገኝ ይወስናል። ወደ ሩብ ግራም የሚጠጋ የስንዴ ዱቄት ይህን መጠን ሊሞላው ይችላል። ይኸውም በሁለት ጣት የሚቆነጠር ያህል ነው። በወፍጮ ድንጋይ ሥር፤ በወንፊት ቀዳዳ፤ በሰፌድ ስፌት ውስጥ የሚቀረው ዱቄት ከዚህ ይበልጣል።

በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ብገልጽ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ በሐድያ ደጋ በምሠራበት ጊዜ፤ ሴሊያክ እንዳለበት በሐኪም የተነገረለት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ገበሬ ቤት ነበር። በዚያ አገር ስንዴና እንሰት በአንድ ቤት ዙሪያ ይበቅላሉ። ለበዓል የሚሆን ኬክ ከቡላ እንድትጋግርለት እናቱን አስተማርኋት። ነገር ግን የደረቀው ቡላ ጓል ጓል ስለ ነበረበት፤ «ለኬክ መድቀቅ አለበትና ወፍጮ ቤት ውሰጂው» አልኋት። እርሷም አምና ወሰደችው።

በበዓሉ ቀን ልጁ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተቀምጦ በላ፤ ደስታውም ደስታችን ሆነ። በማግሥቱ ሆዱ ተነፋ፤ ብዙ ቀን አስቀመጠው። እኛም ቡላው አልተስማማውም ብለን ያንንም ልንከለክለው ተነሣን። በዚህ ጊዜ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ያደምጡ የነበሩት አያቱ፤ «ልጄ፤ ቡላ ከመቼ ወዲህ ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው?» አሉኝ። ሄደን ብንጠይቅ፤ ከእኛ ቡላ በፊት በዚያው ወፍጮ የተፈጨው ስንዴ ነበር። ልጁን የጎዳሁት እኔ ነበርሁ።

ልጁ ካገገመ በኋላ ቡላው በእጅ ታሽቶ፤ በንጹሕ ጨርቅ ተነፍቶ እንደገና ተጋገረ። ሁለት ቁራሽ በላ፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ይህን ትምህርት ስሰጥ የምጀምረው ከወፍጮው ነው።

4ኛ/ ቡላውን ማዘጋጀት

ቡላ የሚገኘው ከተፋቀው የእንሰት ግንድና ከተከተከተው ሥሩ እንደ ሆነ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ተጨምቆ የሚወርደው ነጭ ፈሳሽ ሲያድር ከሥሩ ይዘቅጣል፤ ላይ ያለው ውሃ ሲደፋ ነጩ ቡላ ይቀራል። ለኬክ ሲሆን ግን የሚከተለው ይጨመርበታል።

ሀ/ የኮመጠጠ ሽታ እንዳይኖረው ቡላው በንጹሕ ውሃ ይበጠበጥና እንዲዘቅጥ ይተዋል። ውሃው ይደፋል። ይህ ሁለት ጊዜ ይደረጋል።

ለ/ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በከባድ ነገር ይጫናል፤ ውሃው ከወጣ በኋላ በአዲስ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። እህል ከሚሰጣበት ወይም ከሚወቃበት ቦታ መራቅ አለበት።

ሐ/ በደንብ ሲደርቅ በእጅ ይታሻል፤ ጓሉም በንጹሕ ጠርሙስ ይዳመጣል። ከዚያ በስስ ንጹሕ ጨርቅ ይነፋል። ስንዴ የተወቀጠበት ሙቀጫና ስንዴ የተነፋበት ወንፊት ፈጽሞ አይነኩትም።

መ/ የተዘጋጀው ቡላ መክደኛ ባለው ዕቃ ተደርጎ ለብቻው ይቀመጣል።

ቡላውን ከገበያ የምትገዙ ከሆነ፤ ዱቄት ከሚሸጥበት ቦታ የተሰፈረውን ተዉትና ራሷ ያዘጋጀችውን ሴት ፈልጋችሁ ግዙ።

5ኛ/ የዕቃዎች ንጽሕና

የብረት ድስት፤ የብርጭቆና የሸክላ ሳሕን በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ ከታጠቡ ይበቃል። የእንጨት ማማሰያ፤ የእንጨት ቡሃቃ፤ ሰፌድና ወንፊት ግን ዱቄት በውስጣቸው ስለሚይዙ ቢታጠቡም አይታመኑም። ለሕመምተኛው ልጅ አንድ ማማሰያና አንድ መጋገሪያ ለይቶ መያዝ ይበጃል። ቀይ ክር ቢታሰርባቸው ማንም ሰው አይሳሳትም። በሚጋገርበት ቀን በዚያው ጓዳ የስንዴ ዱቄት አይነፋ፤ ብናኙ በአየር ላይ ይቆያልና። የምትጋግረውም ሴት እጇን ትታጠብ፤ ዱቄት የነካ ቀሚስ ወይም ሽርጥ ትቀይር።

6ኛ/ ለአንድ ኬክ የሚያስፈልጉ ነገሮች

እዚህ «ኩባያ» ሲባል ሩብ ሊትር የሚይዝ ነው።

— ተቀቅሎ የተዳመጠ ስኳር ድንች፤ 2 ኩባያ (ግማሽ ኪሎ ያህል)
— የተዘጋጀ ደረቅ ቡላ፤ ሦስት ሩብ ኩባያ (100 ግራም ያህል)
— እንቁላል፤ 4
— ስኳር፤ ሦስት ሩብ ኩባያ (150 ግራም ያህል)
— የካካዎ ዱቄት፤ 6 የሾርባ ማንኪያ (40 ግራም ያህል)
— ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ ወይም የምግብ ዘይት፤ 1 የቡና ስኒ
— ቤኪንግ ሶዳ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
— የሎሚ ጭማቂ፤ 1 የሾርባ ማንኪያ
— ጨው፤ አንድ ቁንጥጫ

ስለ ካካዎ፤ ይህ ዛፍ የሞቃትና የዝናባማ አገር ተክል ነው፤ ከዓለም ምርት ከግማሽ የሚበልጠው ከአይቮሪኮስትና ከጋና ይመጣል። በእኛ ደጋ የማይበቅል ስለ ሆነ በከተማ ሱቅ «ኮኮዋ» እየተባለ የሚሸጠውን መግዛት ያስፈልጋል። በ2024 እ.ኤ.አ. ዋጋው በዓለም ገበያ ከዚያ በፊት ያልታየ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስለዚህ ለበዓል የሚበቃውን ብቻ ግዙ። የምትገዙት ንጹሕ ካካዎ ይሁን። ከሙቅ ወተት ጋር ለመጠጣት የሚዘጋጀው ጣፋጭ የካካዎ ዱቄት ብዙ ጊዜ የገብስ ብቅል ይገባበታል፤ ሌላም ወተት ሊኖርበት ይችላል። የተጋገረ ቸኮሌትም እንዲሁ ወተት፤ ለውዝ ወይም ብስኩት ሊኖርበት ይችላል። ማንበብ የሚችል የቤተሰብ አባል በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብብ።

ስለ ቤኪንግ ሶዳ፤ ቤኪንግ ፓውደር ከሚባለው ይልቅ ይህ የተመረጠው፤ በቤኪንግ ፓውደሩ ውስጥ ስታርች ስለሚጨመርና አንዳንዱ የስንዴ ስለሚሆን ነው። ሶዳውና ሎሚው ሲገናኙ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ስለ ስኳር ድንች፤ ማንኛውም ይሆናል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ግን ለዓይንና ለሰውነት የሚጠቅም የቫይታሚን ኤ ምንጭ ስላለው ቢገኝ ይመረጣል።

7ኛ/ አሠራሩ

1. ስኳር ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ውሃው ጠፍፎ ይላጣል። ትኩስ ሳለ በሹካ ይዳመጥና እስኪቀዘቅዝ ይተዋል። ትኩሱ ከእንቁላል ጋር ቢገናኝ እንቁላሉን ያበስለዋል።

2. ቅቤው ወይም ዘይቱ በትንሹ ይሞቅና ካካዎው በውስጡ ይበጠበጣል። በሙቅ ቅባት ሲበጠበጥ መዓዛው ይበልጥ ይወጣል።

3. እንቁላሉና ስኳሩ በአንድ ሳሕን ተደርገው ወደ 10 ደቂቃ ያህል በኃይል ይመታሉ። መልኩ ነጣ ብሎ፤ ወፍሮና አረፋ ሞልቶ ሲነሣ ደርሷል። ይህ ከሥራው ሁሉ ዋናው ነው። በስንዴ ዳቦ ግሉተን የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የተመታው እንቁላል ነው፤ አየሩን ይይዛል፤ እሳት ሲያገኘውም ረግቶ ኬኩን ያቆመዋል።

4. ስኳር ድንቹ፤ የተበጠበጠው ካካዎና ጨው ይጨመራሉ፤ በቀስታ ይለወሳሉ። ቀጥሎ ቡላው በጥቂት በጥቂቱ እየተነሰነሰ ይገባል።

5. መጋገሪያው ስንዝር ያህል ስፋት ያለው ይሁን። ውስጡ በእሳት ለብለብ በተደረገ የእንሰት ቅጠል ይለበጥና ዘይት ይቀባል።

6. ሰፊ ብረት ድስት በጉልቻ ላይ ይጣዳል። በውስጡ ሦስት ንጹሕ ጠጠሮች ይቀመጣሉ። መክደኛው ላይ ፍም ተደርጎ ድስቱ 10 ደቂቃ ይሞቃል።

7. ድስቱ ሲሞቅ ቤኪንግ ሶዳውና ሎሚው ወደ ሊጡ ገብተው ፈጥነው ይለወሳሉ፤ ሊጡ ወዲያው መጋገሪያው ውስጥ ተገልብጦ በጠጠሮቹ ላይ ይቀመጣል። ቢዘገይ አየሩ ይጠፋል።

8. አጋገሩ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ እሳት ከታች እሳት ነው። ከፍሙ ሁለት እጁ ከላይ፤ አንድ እጁ ከታች ይሁን። ለ30 ደቂቃ መክደኛው አይከፈት። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበስላል። ንጹሕ ስንጥር ተወግቶ ሲወጣ ጥሬ ሊጥ ካልያዘ ደርሷል። የከተማ ምድጃ ያለው በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጋግር።

9. ከእሳት ከወጣ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሳይነካ ይቀዝቅዝ። የቡላው ስታርች የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። በትኩሱ የተቆረጠ ይፈርሳል።

ኬኩ ለ12 ሰው ይበቃል። እርጥበት ስላለው ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ። ሲቆረጥም ድፎ ዳቦ የተቆረጠበት ቢላዋ አይንካው።

8ኛ/ የሚያጋጥሙ ስሕተቶችና መፍትሔያቸው

መሐሉ ከሰመጠ፤ መክደኛው ቶሎ ተከፍቷል ወይም አልበሰለም። ታቹ አርሮ ላዩ ጥሬ ከሆነ፤ የታቹ ፍም በዝቷል። እንደ ገንፎ ከተጣበቀ፤ ቡላው በዝቷል ወይም ስኳር ድንቹ ውሃ ይዟል። ሳሙና ሳሙና ካለ፤ ሶዳው በዝቷል። ሳይነፋ ደረቅ ብሎ ከቀረ፤ እንቁላሉ በደንብ አልተመታም።

9ኛ/ ወተት ወይም እንቁላል ለማይስማማው

ወተት የማይስማማው ሰው ካለ በቅቤ ፈንታ ዘይት ይግባ። እንቁላል የማይስማማው ካለ፤ ለአንዱ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር ተደባልቆ እስኪያዝ ይተካል። ተልባው አንድ በአንድ ተለቅሞ፤ እህል ባልነካ ሙቀጫ ይወቀጥ። እንዲህ የተጋገረው ኬክ ስለማይነፋ ውፍረቱ ከአንድ ጣት እንዳይበልጥ በሰፊ መጋገሪያ ይዘርጋ። ተልባም ለአንዳንድ ሰው አለርጂ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ።

10ኛ/ ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት ስታሳዩ የሚከተለውን አስቡ።

ኬኩ የበዓል ምግብ እንጂ የዕለት ምግብ አይደለም። ቡላ በአብዛኛው ስታርች ስለ ሆነ ገንቢ ምግብነቱ አነስተኛ ነው፤ ልጁ በየዕለቱ እንቁላል፤ ወተት፤ ባቄላና አትክልት ማግኘት አለበት።

ለመሸጥ የሚፈልግ ቤተሰብ ቢኖር «ግሉተን የለበትም» ብሎ እንዳይሸጥ ንገሩት። ያለ ምርመራ እንዲህ ማለት፤ ስንዴ በሚነፋበት ቤት የተጋገረውን አምኖ የሚበላ ሕመምተኛን መጉዳት ነው።

በመንደራችሁ ያለው ወፍጮ ባለቤት ፈቃደኛ ከሆነ፤ ወፍጮው ተፈቶ በሚጸዳበት ቀን፤ ከሁሉ በፊት የሴሊያክ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ጤፍ ወይም በቆሎ እንዲፈጭለት አስማሙ። በመጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት ኪሎ ለሌላው ቤተሰብ ይዋል። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ልጁ ከታመመ ይቁም።

ከሁሉም በላይ፤ ከማስተማራችሁ በፊት የቤቱን ባልቴቶች ጠይቁ። እንሰትን ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የስንዴ አለርጂና ሴሊያክ በምን ይለያያሉ?
2. የጤፍ ዱቄት ሴሊያክ ያለበትን ሰው ሊጎዳ የሚችለው በምን ምክንያት ነው?
3. በቤታችሁ ካሉ ዕቃዎች የስንዴ ዱቄት ይዘው የሚቆዩት የትኞቹ ናቸው?
4. በዚህ ኬክ ውስጥ የግሉተንን ሥራ የሚሠራው ምንድን ነው?
5. የደረቀ ቡላ ወፍጮ ቤት የማይወሰደው ለምንድን ነው?